404ቷ ከጋራዥ ሳትወጣ

ልጄ፣ ያቺን አሮጌ ፔዦ 404 ኬንያ ለሚካሄደው የአሮጌ መኪኖች ውድድር፣ ለሳፋሪ ክላሲክ፣ እያዘጋጀሃት እንደሆነ እናትህ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ቀለም አስቀብተሃት ፎቶዋን ስትልክልኝ ግን ትንሽ ቅር አለኝ፤ ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእነዚህ መኪኖች ሥር ተጋድሜ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ሞተሩን ተወው። ጉልበት ልጨምርለት ብለህ አትነካካው፤ ደህና ከሆነ ቫልቩንና ፑንቲናውን አስተካክለህ ዝጋው። እ.ኤ.አ. በ1963 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968 ደግሞ ከ93ቱ 7። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፉት ኖዊኪና ክሊፍ ናቸው፣ በ404። ከእሷ የሚፈጥን መኪና ጠፍቶ አይደለም፤ ፈጣኖቹ ጭቃ ውስጥ ቀሩ።

2. ዲፈረንሻሉን ግን ፍታ። የ404 ዲፈረንሻል እንደሌላው መኪና አይደለም፤ ብሎን የመሰለ የብረት ዘንግ ነው የነሐስ ጥርሱን የሚያዞረው። ድሮ የጉሎ ዘይት ዓይነት ነበር የምንሞላበት። ዛሬ ሱቅ ሄደህ ዝም ብለህ “የዲፈረንሻል ዘይት ስጠኝ” ካልክ ድኝ ያለበትን ይሰጡህና ነሐሱን ይበላልሃል። ለነሐስ የሚስማማ መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈበትን አትግዛ። አሮጌውን ዘይት በንጹሕ ነጭ ሳህን ቅዳው፣ ፀሐይ ላይ አውጣው፣ በሁለት ጣትህ አሸት አድርገው። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ካየህ ጥርሱ እያለቀ ነው። በማግኔት እንዳትፈልገው፤ ማግኔት ነሐስ አይስብም። ስንት ጎበዝ መካኒክ “ማግኔቱ ንጹሕ ነው” ብሎ መልሶ ሲዘጋው አይቻለሁ!

3. ራዲያተሩን አሳጥብ፣ ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር። እዚህ ላይ ምንም የምጨምረው የለም።

4. ከሥሯ ያለውን ዳዶ ሁሉ አጥብቀህ ስትጨርስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምርበት፤ መስመሩ ከዳዶው ተነስቶ ብረቱ ላይ ይለፍ። ማታ፣ አቧራ ለብሳ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ሳለ በባትሪ መብራት ስታያት መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ላልቷል ማለት ነው። ሃምሳውን ከመፍታትና ከማሰር አንዱን ታጠብቃለህ። በተለይ የአሞርዛተሩንና የመሪውን እንዳትረሳ።

5. ያልተፈተነ አዲስ ዕቃ ይዘህ አትነሳ። ወጣት ሳለሁ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ለመሄድ በተነሳንበት ዋዜማ የሚሠራውን የቤንዚን ፖምፓ አውልቄ ከካርቶን የወጣ አዲስ ገጠምኩ። መንገድ ላይ ሸራው ተቀደደ፤ አሮጌው ደግሞ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌሊቱን የጅብ ድምፅ እየሰማን አደርን። አዲሱን ገጥመህ ቢያንስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ንዳት፤ ያወለቅከውን ደህና ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለህ መለዋወጫ አድርገው።

6. አጠገብህ የሚቀመጠው ልጅ ካርታ ማንበብ ብቻ አይበቃውም። ጎማ መቀየር በጨለማ አለማምደው። ክሪኩ የሚቆምበት ወፍራም ጣውላም ያዙ፤ የኬንያ መረሬ አፈር ዝናብ ሲያገኘው ከእኛው መረሬ አይለይም፣ መኪናዋ ሳትነሳ ክሪኩ ይሰምጣል። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አብራችሁ ንዱ። የምትጣሉ ከሆነ እዚሁ ተጣሉ።

7. የእሳት ማጥፊያው ወንበርህ ላይ በቀበቶ ታስረህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። የካንዴላ መፍቻውንም ከሻንጣው ሥር እንዳትቀብረው፤ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።