ስለ አይሮፕላን አቅጣጫ ማወቂያ

የግሸን አምባ የመስቀል ቅርጽ ስላለው፥ ከላይ ሆኖ ለሚያየው የአይሮፕላን ነጂ ታላቅ ምልክት ነው። ደመና ሲጋርደው ግን ምልክትነቱ ይቀርና የሞት ገደል ይሆናል።

በሰማይ ለመገለባበጥ የተሠራ ትንሽ አይሮፕላን፥ ክብደት እንዳይበዛበት፥ ጥቂት መሣሪያ ብቻ ይይዛል፤ ከነዚሁም አንዱ ኮምፓስ ነው። የኮምፓስ ማግኔት ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ ሲዞርና ሲገለበጥ ይዋልላል። ስለዚህ ብልህ ነጂ አስቀድሞ አካሄዱን ያቀናል፥ መርፌው እስኪረጋ ይታገሣል፥ ከዚያም ይመለከታል። ዛሬ ከሳተላይት መልእክት የሚቀበል መሣሪያ ቢጨመርለትም፥ ኮምፓስ ኤሌክትሪክ ሳይሻ ስለሚሠራ አልተተወም። ሆኖም አቅጣጫን እንጂ ገደልን አያሳይምና፥ እንዲህ ያለው ነጂ ወደ ደመና ሊገባ አይገባውም።

መምህሩ በማግኔት የታሸ መርፌ በቅጠል ላይ አድርጎ በውኃ ሳህን ያንሳፍፍ፤ ሳህኑንም ቶሎ አዙሮ የመርፌውን መዋለልና መርጋት ለልጆቹ ያሳያቸው።