ፒዲኤፋችን ኮቦ ሲደርስ ለምን ሳጥን ይሆናል?



እረፍት ሲደርስ ብዙዎቻችን የደርስ ጽሑፍ፣ የጥናት ወረቀትና ማመልከቻ በፍላሽ ይዘን ወደየቤታችን እንሄዳለን። የራያ ቆላ ልጅ ከሮቢት ወይም ከጎብዬ ኮቦ ድረስ ሄዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያስከፍተው፣ ግቢ ውስጥ ጥርት ብሎ ይነበብ የነበረው ፒዲኤፍ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው ይባላል። ቫይረስ አይደለም፤ ፎንት ነው።

ፒዲኤፍ የፊደሎቹን ቅርጽ በውስጡ ይዞ መሄድ ይችላል። ካልያዘ የሚከፍተው ኮምፒውተር ካለው ፎንት መርጦ ይተካል። ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስለተጫነ ችግሩ ለእሱ አይታየውም።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲጠፋ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የሚደረደረው ለዚህ ነው። ኒያላና አቢሲኒካ በዩኒኮድ ስለተሠሩ ግን ሌላ የግእዝ ፎንት ሊተካቸው ይችላል።

ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበው የቁርኣን አያ ነው። መዲና የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ ቁርኣን ማተሚያ ካዘጋጃቸው ፎንቶች በአንደኛው ዓይነት፣ 604ቱም የሙስሐፍ ገጾች የየራሳቸው ፎንት አላቸው፤ አንድ ምልክት አንድ ሙሉ ቃል ይይዛል። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ዐረብኛ የሚመስል፣ ግን አያው ያልሆነ የፊደል ክምር ሊወጣ ይችላል። ዐረብኛ የማያነብ ሰው ቁርኣን ነው ብሎ ያባዛዋል። ሳጥን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ መበላሸቱ ይታያል።

ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን በአዶቤ ሪደር ከፍታችሁ ኮንትሮልና ዲን ተጫኑ፤ «ፎንትስ» የሚለውን ስትነኩ ዝርዝሩ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ፎንት ስም ጎን «ኢምቤድድ» ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» ካለ ፎንቱ አብሮ አለ ማለት ነው። ከሌለ ወደ ዎርዱ ተመለሱ። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ከመረጣችሁ በኋላ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፒዲኤፍ/ኤ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ይህ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የወጣ ደረጃ ስለሆነ ፎንቶቹ ሁሉ እንዲካተቱ ያስገድዳል። ባለቤቱ እንዳይካተት የከለከለው ፎንት ከሆነ ግን ፎንቱን መቀየር ነው የሚሻለው። በመጨረሻ ፎንቱ የሌለበት የጓደኛ ስልክ ላይ ክፈቱት።

ዎርዱ ግቢ ቀርቶ በእጃችሁ ፒዲኤፉ ብቻ ካለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አስፈቅዳችሁ ትክክለኛውን ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑና እንደገና ክፈቱት። ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ወረቀት ላይ ብቻ ከተበላሸ ደግሞ፣ ከአዶቤ ሪደር ስታትሙ «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ። ቀስ ይላል እንጂ ፊደሉ እንደ ሥዕል ይወጣል።