ጾታቸው በመጀመሪያው ቀን ስለሚለይ ጫጩቶች

በቢስቲማ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዶሮ የሚነግድ ሰው ሁሉ የዶሮ ዋጋ በክብደቱ ብቻ እንደማይወሰን ያውቃል። በአገራችን ገበያዎች ቀይ ወይም ነጭ ላባና ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ በበዓል ሰሞን ፈጥኖ ይሸጣል፤ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ለጫጩት ነጋዴ ግን ከመልክ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከቅርጫቱ ውስጥ ስንቱ ሴት ነው የሚለው ነው። ከ100 ጫጩቶች 50 ያህሉ ወንዶች ስለሚሆኑ፣ ለእንቁላል ብሎ የገዛ ደንበኛ ከወራት በኋላ አውራ ቢያገኝ ኪሣራው የእርሱ፣ የሚጎድፈው ስም ግን የሻጩ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት በካምብሪጅ የነበሩት ፕሮፌሰር ፑኔትና ባልደረባቸው ፒዝ ናቸው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ካምባር፣ በ1930ዎቹም ሌግባር የተባሉትን፣ ጫጩቶቻቸው በመልካቸው ጾታቸው የሚታወቅ ዝርያዎች አስገኙ። በዚሁ ጠባይ የሚታወቀውና ለእኛ የሚቀርበው ኮኮክ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪቃ በፖችፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ ተገኝቶ፣ በኋላም በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ወደ አርሶ አደሮቻችን ደርሷል።

የምልክቱ ምሥጢር ይህ ነው። ጥቁሩን ላባ በነጭ መስመር የሚያዥጎረጉረው ዘረ መል ጾታን ከሚወስነው ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ ነው። አውራው ይህን ዘረ መል እጥፍ አድርጎ ሲይዝ፣ ሴቷ አንድ ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ወንዱ ጫጩት በአናቱ ላይ ሰፋ ያለ ነጭ ምልክት ይታይበታል፤ ሴቷ ጠቆር ትላለች፤ ምልክት ቢኖራትም ትንሽ ነው። ምልክቱ አልፎ አልፎ ሊያሳስት ስለሚችል የለመደ ዓይን ያስፈልጋል።

ነጋዴው የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ይገንዘብ፤

1ኛ፤ ኮኮክ ከኮኮክ ሲዳቀል ምልክቱ በየትውልዱ ይቀጥላል።

2ኛ፤ ኮኮክ አውራ ከጥቁር የአገር ሴት ዶሮ ጋር ሲዳቀል ወንዱም ሴቷም አንድ አንድ ዘረ መል ብቻ ስለሚወርሱ ምልክቱ አይለያቸውም።

3ኛ፤ ጥቁር የአገር አውራ ከኮኮክ ሴት ጋር ሲዳቀል ወንዶቹ ባለ ምልክት፣ ሴቶቹ ያለ ምልክት ይፈለፈላሉ። ነገር ግን ይህ ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው፤ የእነርሱ ልጆች ይደባለቃሉ። በቀለም የሚለየው ቦቫንስ ብራውንም እንደዚሁ ነው፤ ከእርሱ የተወለዱትን በቀለማቸው ለይቶ መሸጥ ደንበኛን ማሳሳት ይሆናል።

የኮኮክ ኩክኒ ነጠላ ነው፤ ገበያው ደግሞ ድርቡን ይወዳል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ድርብ ኩክኒ ያላትን ጥቁር የአገር ዶሮ ከኮኮክ አውራ ጋር ማዳቀል፤ ከሚወለዱት ሴቶች ድርብ ኩክኒ ያላቸውን መርጦ፣ ዝምድና ከሌለው ሌላ ንጹሕ ኮኮክ አውራ ጋር እንደገና ማዳቀል ነው። በዚህ ሁለተኛ ትውልድ ወንዶቹ ሁሉ እጥፍ፣ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዘረ መል ስለሚይዙ የጾታው ምልክት ይመለሳል፤ ከመካከላቸውም ግማሽ ያህሉ ድርብ ኩክኒ ይኖራቸዋል። ገዢ የጠላት ጥቁር ዶሮ እንዲህ ባለው ሥራ የመልካም ዘር እናት ትሆናለች።

ይሁንና ድርብ ኩክኒ ነጠላውን ስለሚሸፍን፣ ከሁለት ባለ ድርብ ወላጆችም ነጠላ ሊወለድ ይችላል። ነጠላዎቹን በየትውልዱ ከእርባታው እያወጡ ለሥጋ መሸጥ ይገባል።

እንግዲህ ጫጩት የሚገዛ ነጋዴ ጫጩቶቹን ብቻ አይቶ ሒሳብ አይክፈል። ወላጆቻቸውን ይመልከት፤ አውራው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተለወጠ ይጠይቅ። በጫጩት አናት ላይ ያለው ነጭ ምልክት እውነት የሚናገረው የወላጆቹ ዘር በጥንቃቄ ሲጠበቅ ብቻ ነውና።