«ኮዱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ» ቢልዎስ ባንኩ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ማታ ከሥራ ስወጣ አንድ ሰው ደወለና «ከባንክሽ ነው፤ ገንዘብሽን ሌባ ሊወስደው ነው። አሁን ስልክሽ ላይ የገባውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ንገሪኝ» አለኝ። ደንግጬ ነገርኩት። ጠዋት ሳየው ከሂሳቤ 1,800 ዶላር ወጥቷል። ባንኩ ብሄድ «ኮዱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ አይመለስም» አሉኝ። እውነት መብት የለኝም?

መልስ፦ መብት አለዎት፤ ዜግነትዎም አይጠየቅበትም። በ1978 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ ዋና ጥያቄው «ገንዘቡን ያዘዋወረው ማነው?» የሚል ነው። ኮዱን አታሎ የተቀበለዎት ሌባ ሂሳብዎ ውስጥ ገብቶ ካዘዋወረው፣ ዝውውሩ እርስዎ ያልፈቀዱት ነው። መዘናጋትዎን ምክንያት አድርጎ ባንኩ ኪሳራውን በእርስዎ ላይ መጫን አይችልም። ደዋዩ ባዘዘዎት መሠረት በራስዎ እጅ ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ ልከውለት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ጥበቃ ባልደረሰልዎት ነበር። ስለዚህ ለባንኩ ሲያመለክቱ «እኔ አልላክሁም፤ ኮዱን አታሎ ወስዶ የላከው ሌላ ሰው ነው» የሚለው በግልጽ ይስፈር።

ሕጉ ቀን ይቆጥራል። ካርድዎ ወይም የሚስጥር ቁጥርዎ መሰረቁን ባወቁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቁ ኪሳራዎ ከ50 ዶላር አያልፍም። ከዚያ ከዘገዩ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ስቴትመንቱ ከተላከልዎ 60 ቀን አልፎም ዝም ካሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ በእርስዎ ላይ ሊቀር ይችላል። ባንኩ በበኩሉ አብዛኛውን ጊዜ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አጣርቶ መወሰን አለበት። እስከ 45 ቀን ልውሰድ ካለ ደግሞ ገንዘቡን በጊዜያዊነት ሂሳብዎ ላይ መልሶ ነው። በክሬዲት ካርድ ላይ የሚደርስ ስርቆት ግን ከ50 ዶላር በላይ አያስጠይቅዎትም፤ ለኦንላይን ግዢ ከዴቢት ይልቅ ክሬዲት ካርድ የምመክረው ለዚህ ነው።

ሌባው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንም ይዞ ከሆነ በስምዎ ብድር ሊወስድ ይችላል። በሩን የሚዘጉበት መንገድ ክሬዲትዎን ማስቆለፍ፣ ማለትም ፍሪዝ ማድረግ ነው። ከሴፕቴምበር 2018 ወዲህ በመላው አሜሪካ በነጻ ይደረጋል። የክሬዲት ታሪክ በሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ ለየብቻ ያመልክቱ፤ አንዱ ጋ መቆለፉ ሌሎቹን አይቆልፍም። ቤት ወይም መኪና ሊገዙ ሲሉ ደግሞ በኦንላይን ወይም በስልክ ከጠየቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊከፍቱልዎ ይገደዳሉ።

አስቀድሞ በስምዎ ብድር ተወስዶ ከሆነ፣ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በአይደንቲቲቴፍት ዶት ጎቭ የስርቆት ሪፖርት ያስገቡ። ያንን ሪፖርት ከማንነት ማረጋገጫዎ ጋር ለሦስቱ ድርጅቶች ሲልኩ፣ በስምዎ የተፈጠረውን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ከክሬዲት ታሪክዎ ላይ ማገድ አለባቸው።

እህቴ፣ ባንኩ በቃል «አይመለስም» ማለቱ ውሳኔ አይባልም። የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ያነጋገረዎትን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው ይያዙ። ማመልከቻዎም ዛሬ፣ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ባንኩ ይድረስ።