ማሳሰቢያ፦ «ደመወዝ በስምምነት» ለምትሉና «ፉል ስታክ ነኝ» ለምትሉ

አዲስ አበባ ውስጥ የሶፍትዌር ሥራ ፈልጌም፣ ሌሎችን ፈትኜም አውቃለሁ። የሚከተለው ለሁለቱም ወገን ነው። ቀጣሪን ግን አስቀድማለሁ፤ በጀቱን የሚያውቀውም ማስታወቂያውን የሚጽፈውም እሱ ስለሆነ እውነቱም ከእሱ ይጀምር።

ለቀጣሪዎች

ደመወዙን ጻፉ። በቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ላይ «ደመወዝ በስምምነት» የማይል ማስታወቂያ ማግኘት ብርቅ ነው። መነሻና ጣሪያውን አንዱ ወገን ብቻ እያወቀ ምን ዓይነት ስምምነት ይሆናል? ቁርጡን መናገር ካልሆነላችሁ ከዚህ እስከዚህ በሉ። ያልተጣራ ይሁን የተጣራም ለዩ። 30,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ አሁን ባለው ምጣኔ 8,450 ብር ግብርና 2,100 ብር ጡረታ ተቆርጦ እጅ ላይ የሚደርሰው 19,450 ብር ነው። ልጁ ይህን የሚሰማው በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን መሆን የለበትም።

«ጁኒየር ዴቨሎፐር፣ አምስት ዓመት ልምድ» አትበሉ። ሲኒየሩን በጁኒየር ዋጋ እንደፈለጋችሁ ለሁሉም ይገባዋል።

ፈተና ብላችሁ ሥራ አታሠሩ። በዚህ ነገር ቂም አለብኝ። አንድ ድርጅት ለክሊኒክ የሚሆን የቀጠሮ መያዣ ከነቴሌብር ክፍያው በአራት ቀን ቤቴ ሠርቼ እንዳመጣ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፔን ታቅፌ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ዞርኩ። ቀኑ ሳያልፍ ላክሁ፤ መልስ የለም። ከወራት በኋላ ጓደኛዬ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሲይዝ ስልኩን አጮልቄ አየሁ። በጥድፊያ የሳትኳት ፊደል፣ «ቀጠሮዎ ተመዝግባል»፣ እንደተሳሳተች ቁጭ ብላለች። ስለዚህ ፈተናው ከሁለት ሰዓት የማይበልጥና ለደንበኛ የማይሸጥ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ክፈሉበት።

የሙከራ ጊዜን የነፃ ጉልበት አታድርጉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳያልፍ ይደነግጋል። በሙከራ ላይ ያለውም ሙከራውን እንደጨረሰው ሁሉ ባለመብት ነው። «ሦስት ወር ያለ ደመወዝ እንይህ» የሚለውን አዋጁ አያውቀውም።

ላልቀጠራችሁትም መልስ ስጡ። አንድ መስመር ይበቃል።

ለሥራ ፈላጊዎች

የቡድን ሥራን ለብቻችሁ አታድርጉት። የመመረቂያ ፕሮጀክት አራት አምስት ሆኖ ይሠራል፤ ሲቪ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም «ሲስተሙን ሠራሁ» ባይ ነው። በአንድ ሳምንት ከአንድ ባች የመጡ ሁለት ልጆች ያንኑ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም አቀረቡልኝ። የመጀመሪያው ሁሉንም እኔ ነኝ አለ፤ ስለ ዳታቤዙ ስጠይቀው ላብ አጠመቀው። ሁለተኛዋ «እኔ ሰነዱንና መግቢያ ገጹን ነው የሠራሁት፤ ዳታቤዙን ሌላ ልጅ ነው» አለች። እሷን ቀጠርን። ምናልባት ጎበዙ እሱ ይሆናል፤ ማወቂያ መንገድ ግን አላስቀረልኝም።

በኦንላይን ኢንተርቪው ላይ ከቻትጂፒቲ አታንብቡ። ዓይን መስመር ሲከተል ያስታውቃል፤ መነጽር ላደረገ ደግሞ ስክሪኑ መስታወቱ ላይ ያበራል። ለሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ፈታኞቹም ይጠቀሙበታል።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና መጨረስ ጥሩ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ግን በሥራ ልምድ ረድፍ አታስገቡት። ልምድ ያላችሁ ደብዳቤ አምጡ። በዚያው አዋጅ መሠረት ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ መስጠት አለበት። አጎትን «የቀድሞ አለቃዬ» ብላችሁ ስልኩን አትስጡ። አንዱ ጋ ስደውል «እሱማ እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው!» ብሎኛል።

እሺ ካላችሁ በኋላ አትጥፉ። የተሻለ ሲገኝ መሄድ መብት ነው፤ ስልክ ማጥፋት ግን ነውር ነው። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበትም አትርሱ።

«አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ስትባሉ ቁጥሩን አታሳብጡ። መናገር ካልፈለጋችሁ «እዚህ የምጠብቀው ይህን ያህል ነው» በሉ። መልሶ መጠየቅም ይቻላል። እኔ አንዴ «እናንተስ ለቦታው ስንት መድባችኋል?» አልኩ። ጠያቂዬ ወደ ኤች አሯ ዞረ፤ እሷም ወደ እሱ ዞረች።