አንበጣና ተምች ሳይበረቱ ማወቅ
በከሚሴና አካባቢው ቆላማ ሜዳዎች የሚደረግ አሰሳ

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ መንጋ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በአጎራባች የወሎ ወረዳዎች የወረደው ማሽላ ለአጨዳ በተቃረበበት ወቅት ነበር። ክንፍ ያወጣ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በጩኸትና በጅራፍ ማባረሩ ጉዳቱን ወደ ጎረቤት ማሳ ከማዛወር አያልፍም። አንበጣን መከላከል የሚቀለው ገና ኩብኩባ ሳለና መብረር ሳይችል ነው። ስለዚህ አሰሳ ከርጭት ይቀድማል።

ሀ. አንበጣና ፌንጣ
አሰሳው ከዝናብ በኋላ በቦርከና ሸለቆ የግጦሽ ሣር፣ በማሳ ዳርና በአሸዋማ መሬት ይካሄዳል። ፀሐይ ሞቅ ሲል 100 ሜትር እየተጓዙ፣ በ10 ቦታ አንድ አንድ ካሬ ሜትር በዓይን ለይቶ በውስጡ ያለውን መቁጠር ነው። እዚህም እዚያም የሚታይ ተራ ፌንጣ ርጭት አያስፈልገውም። ጥቁር ወይም ጥቁርና ቢጫ ኩብኩባ ተሰብስቦ ሲጓዝ ከታየ ግን በዚያው ቀን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በሣሩ ውስጥ የሚውሉት ከብት ጠባቂዎች ስለሆኑ እነርሱን መጠየቅ አይዘንጋ።

ለ. ተምች
ተምች የእሳት እራት ትል ነው። የእሳት እራቷ በሌሊት እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ትሉ በትንሽነቱ ስለማይታይ ገበሬው የሚያውቀው ቅጠሉ ከተበላ በኋላ ነው። ይህን ለመቅደም የሴቷን ሽታ የሚመስል ማባበያ ያለበት ወጥመድ ከሰብሉ ጫፍ ከፍ አድርጎ መስቀልና የተያዙትን ወንዶች በየጠዋቱ መቁጠር ያስፈልጋል። ለአፍሪካ ተምችና በ2009 ዓ.ም. አገራችን ለገባው የአሜሪካ ተምች ማባበያው የተለያየ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል በማሽላና በበቆሎ ማሳ በ5 ቦታ 20፣ 20 ተክል መርምሮ ከ100 ስንቱ እንደተጎዳ መመዝገብ ነው።

ሐ. መዝገብ
ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የሰብሉ ዕድገት፣ ዝናቡና ቁጥሩ ይጻፋሉ። ምንም ካልተገኘ 0 መጻፍ ግዴታ ነው። ባዶ የተተወ መስመር፣ ሠራተኛው ሄዶ ማጣቱን ወይም ጭራሹን አለመሄዱን አይለይም። ትናንት 0 የነበረው ዛሬ 12 ሲሆን ግን አደጋው መቅረቡ ይታወቃል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በየቀበሌው አንድ ቋሚ ቆጣሪ ይመድብ፤ መዝገቡንም በየሳምንቱ ከጎረቤት ቀበሌዎች ጋር ያስተያይ።