ኮሌስትሮል፣ ልብና የኩላሊት እጥበት

በየአጥቢያው ሕሙማንን ስንጎበኝ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ልቡን ለመጠበቅ ቅባት መተው ይበቃዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእጥበት ላይ ያሉ ሕሙማንን ከሁሉ ይልቅ ለሞት የሚዳርገው የልብና የደም ሥር ሕመም ነውና። መልሱ ግን ብዙዎቻችን እንደምንጠብቀው አይደለም።

በሌላው ሰው ዘንድ ትርፍ ኮሌስትሮል በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መተላለፊያውን ስለሚያጠብ፣ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር የልብ ሕመም ሥጋትም ይጨምራል። በእጥበት ላይ ባሉት ግን ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሕሙማን ቶሎ ሲሞቱ ተስተውሏል። ይህ ኮሌስትሮል ጠቃሚ ነው ለማለት አያበቃም። የምግብ እጥረትና ለረጅም ጊዜ የቆየ የሰውነት መቆጣት ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሕመምተኛውንም የሚጎዱት እነርሱው ናቸው። ስለዚህ በምርመራ ወረቀት ላይ የታየ ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶችም በእጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው በጀርመን 1255 የስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናትና በ2009 የታተመው ከ2700 በላይ ሕሙማንን የያዘ ጥናት፣ መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን ቢቀንስም የልብ አደጋንና ሞትን በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። በመሆኑም ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ አካል በ2013 ባወጣው ምክር፣ እጥበት ለጀመረ ሰው ስታቲን እንደ አዲስ እንዳይጀመር፣ ቀድሞ ይወስድ የነበረ ግን እንዲቀጥል አመልክቷል። መድኃኒት ማቋረጥም ሆነ መጀመር የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ከጎረቤት ምክር ተነሥቶ የሚደረግ አይደለም።

ታዲያ ልብን የሚጎዳው ምንድን ነው? ኩላሊት ሊያስወግደው ያልቻለው ፎስፈረስ ከካልሲየም ጋር ሆኖ የደም ሥሮችን ያደነድናል። በሁለት እጥበቶች መካከል የሚጠራቀመው ውኃ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ የልብን ጡንቻ ያወፍራል። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባና በድንገት ሊቆም ይችላል። እጥበቱ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚደረገው ስለዚህ ነው። በገንዘብ እጦት ወደ ሁለት ቀን ዝቅ ያደረጉ ሕሙማን አሉ፤ ሰበካ ጉባኤ የአንዱን ቀን የትራንስፖርት ወጪ ቢሸፍን ቅቤ ከመከልከል የበለጠ ልብን ይጠብቃል ብለን እናምናለን።

ጠበልን በተመለከተ ካህናት በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በእጥበት ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ውኃ በልክ ነው፤ ሻይ፣ ሾርባና ጠበልም ከዚሁ ልክ ይቆጠራሉ። ለሌላው ምእመን በማሰሮ የሚሰጠው ለእርሱ ሳንባው ውኃ እንዲቋጥር ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቂት ቀምሶ ቢረጭ ይመረጣል።

ጾምም እንዲሁ ነው። እጥበት ከሰውነት የፕሮቲን ንጥረ ነገርን ስለሚወስድ፣ ሕመምተኛው ከቀድሞው የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሥርዓታችን ለታመመ ሰው ጾሙን በንስሐ አባቱ በኩል ያቀልለታልና፣ የንስሐ አባት ከሐኪሙ ምክር ጋር አገናዝቦ ቢወስን መልካም ነው። የሚጾም ቢኖር ድንች ተልጦና ተቆራርጦ በብዙ ውኃ ይቀቀልለት፣ ውኃውም ይደፋ፤ ፖታሲየሙ ይቀንሳልና። ሙዝና አቮካዶም ለበዓል እንኳ ቢሆን ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይቅረቡለት።